አቶ መውጫ የሠሩት ፍርስራሽ

የተገናኘነው የመታወቂያዬን ኮፒ ላስነሳ ገብቼ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ወረቀቱን ከደጅ ሆኖ ነው የሚያቀብለው። ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ አንድ ትልቅ የሕንፃ ፕላን ሊያባዙ አምጥተው፣ ማሽኑ ፕላኑን እስከ ወገቡ ከዋጠ በኋላ ነክሶ ያዘው። ባለሱቋ የማሽኑን ሆድ ከፍታ የተጨማደደ ወረቀት በጥፍሯ ትለቅማለች። ሰውዬው ደግሞ ቀስ በይ፣ እንዳይቀደድ እያሉ በላይዋ ቆመዋል።

እኔ የሰው ወረቀት የማንበብ አመል አለብኝ። ከማሽኑ ውጭ የቀረውን ግማሽ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የምድር ቤት ፕላን ነው፤ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የፍሳሽ መስመሩ ሳይቀር በቀጭን እርሳስ ጥንቅቅ ብሎ ተሠርቷል። ክፍሎቹ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን ዓይኔን አሸሁ። «የአጽሞች አዳራሽ» ይላል አንዱ። «ዘንዶው የሚተኛበት» ይላል ሌላው። ከዘንዶው ቀጥሎ «መጸዳጃ ቤት፣ የወንድና የሴት»።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አልኩ፣ «ዘንዶው ወንድ ነው ሴት?»

ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። መሳቃቸውን ያወቅኩት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ዛሬም አስገብቼዋለሁ ማለት ነው አሉ፤ ለካ ራሳቸውም አላስተዋሉትም።

ማሽኑ እስኪለቅ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መቼም እኔ ወሬ ከሸተተኝ ቀጠሮዬን እረሳለሁ። የሰውዬው ሥራ የሕንፃ ደህንነት ቁጥጥር ነው። ሰው ፎቅ ሠርቶ ሲጨርስ እሳቸው ሜትራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ደረጃው ይበቃል ወይ፣ እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል፣ በሩ ወዴት ይከፈታል። በተለይ በሩ። ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል በር ወደ ውጭ ነው መከፈት ያለበት፤ የደነገጠ ሰው ገፍቶ እንዲወጣ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ስለ ሕፃን ልጅ እንደሚያወራ ሰው ለሰለሰ። ሲኒማ ሲገቡ ፊልሙ ተጀምሮም እሳቸው ገና መውጫ ፍለጋ ዞረው ያያሉ። ባለቤታቸው ከእሳቸው ጋር ሲኒማ መሄድ ካቆመች ቆይታለች፤ አልፈርድባትም አሉኝ፣ እኔም ከራሴ ጋር ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ቢያንስ ለመሆን ይሞክራሉ። ልጃቸው ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች ያመጣችው ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ የሚኖር ሰው ይሆናሉ፤ ጎራዴ ያዥ፣ አስማተኛ፣ ሌባ። ተራኪው የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ከሥሩም ጭራቅ የሚኖርበት የጨለማ እስር ቤት ያዘጋጃል። ተጫዋቾቹ ይገቡበታል፤ ይትረፉ ይሙቱ ዳይሱ፣ በየገጹ ቁጥር ያለበት የሚወረወር ጠጠር፣ ይወስናል። ተራኪው እሳቸው ናቸው። ተጫዋቾቹ ደግሞ ልጃቸው፣ ጎረቤታቸው ጥርስ ሐኪሟ እና ታክሲ ነጂው አማቻቸው፣ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም።

ችግሩ፣ ሰውዬው ፍርስራሽ መሥራት አይችሉም።

«ስጀምረው እስር ቤት ነው፣» አሉኝ። «ስጨርሰው ክሊኒክ ይሆንብኛል።»

ኮሪደሩ ሰፊ፣ ደረጃው እኩል፣ የእጅ መደገፊያ ያለው። ከጥንት ጀምሮ ተረስቶ የኖረ ግንብ ምሰሶው ንቅንቅ አይልም። በየወለሉም የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ፤ አስበውት አይደለም፣ እጃቸው በራሱ ነው የሚሠራው። ልጅቷ ታዲያ ነቃችባቸው። እሳቸው እጅ ላይ ያደገች ናት፤ በትረካው ውስጥ በር ሲጠራ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወዴት እንደሚከፈት ነው። ወደ ውጭ ከተባለች ባልንጀሮቿን አስከትላ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ጭራቁ እንደተኛ ይቀራል። አማችየው «አቶ መውጫ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም ከጠረጴዛው አልፎ በምን እግሩ እንደሄደ እንጃ፣ መሥሪያ ቤታቸው ደረሰ።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ በጨዋታው መሀል ዳይሷን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ፍርስራሽ አይደለም፤ ፈቃድ የወጣለት ሕንፃ ነው፣» አለቻቸው። የዩኒቨርሲቲ ክፍሏ ልጆች የሚጫወቱበት ሌላ ጠረጴዛ እንዳለ፣ እዚያ ሰው እንደሚሞት፣ የሚመጣውን ቅዳሜ ከመጣች በኋላ ወደዚያ እንደምትዞር ነገረቻቸው። በክፋት አይደለም፤ ጉንጫቸውን ስማ ነው የሄደችው።

ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ከወጣች ወዲህ የምትመጣው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነው። በስልክ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ከተባባሉ በኋላ ሁለቱም የሚሉት ያጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ግን ስትናደድ፣ ስትስቅ፣ ስትከራከር ያዩአታል። «ጭራቅ ካላቀረብኩላት ልጄን አላያትም ማለት ነው፣» አሉኝ። «የኔ ነገር እንዲህ ነው።»

ስለዚህ እውነተኛ ፍርስራሽ ሊሠሩ ቆረጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጭ ብለው አንድ ምሰሶ ከፕላኑ ያወጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሲያዩት ሳይታወቃቸው በምትኩ ሁለት ድጋፍ አቁመዋል። እንደገና ያጠፋሉ። መውጫዎቹን በላጲስ ሲያጠፉማ እጃቸውን አላባቸው። በመጨረሻ አለቃቸው ከጀርባቸው መጥቶ ጣሪያው በአየር ላይ የተንጠለጠለበትን ፕላን አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ይህን ማን ነው ያጸደቀው ብሎ ጠየቀ። በሥራ ዘመናቸው ከሰሙት ሙገሳ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ቅዳሜ ደረሰና ገቡበት። አማችየው በር ፍለጋ ግድግዳውን ሁሉ ደባበሰ፤ በር የለም። ጥርስ ሐኪሟ፣ ስንቱን መንጋጋ ስትነቅል እጇ የማይንቀጠቀጠው ሴትዮ፣ እንመለስ ማለት ጀመረች። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፤ አባትየው ይህን ሲያዩ ልባቸው ሞቀ። ከዚያ ጣሪያው መሰንጠቅ ጀመረ። የልጅቷ ጎራዴ ያዥ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አብራት የኖረች ናት፤ ጠባሳዋን፣ አነጋገሯን፣ የምትፈራውን ነገር ሳይቀር አባትና ልጅ አብረው ነው የፈጠሩላት። ጎራዴ ያዧ የሚወድቀውን አግዳሚ በትከሻዋ ደግፋ ሌሎቹን አሳለፈች። ቀጥሎ የራሷ ተራ ነው። ልጅቷ ዳይሱን ወረወረች፤ ዳይሱም ሊመጣ ከሚችለው ሁሉ የከፋውን ቁጥር ይዞ ቆመ።

ሁሉም ወደ ተራኪው ዞሩ። ሰውዬው ምን ማለት እንዳለባቸው ያውቃሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ በስተግራ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ በር እንደምትታያት ነገሯት።

«ወዴት ነው የምትከፈተው?» አለች ልጅቷ።

«ወደ ውጭ።»

አማችየው ጭንቅላቱን ያዘ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አንስታ እርሳሶቿን ከተተችና ዘጋችው። የዚፑ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ አሉኝ።

«ቆዪ፣» አሏት። «በር የለም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ?»

ሞትሽ ማለት አልሆነላቸውም። ያዳናቸው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ቋንቋ ነው። «ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ወድቋል፣» አሉ ጠረጴዛውን እያዩ። «በሥሩ የነበረ ሰው አልተረፈም።»

ወዲያው ተነስተው ወጥ ቤት ገቡና የታጠበ ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። ሚስታቸው ምን ሆንክ ብትላቸው፣ ልጃችን ሞተች አሏት። ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ሳሎን ጣል አደረገች።

«ታዲያ እዚያ እንዲህ የምትንከተከተው ማን ናት?»

እውነትም ሲመለሱ ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቶ፣ የጎራዴ ያዧን አሟሟት ለአጎቷ ትተርክለታለች፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉን ላየው ሰውዬ። ቦርሳዋ እንደገና ተከፍቷል። አባቷን ስታይ ንጹሕ ወረቀት ጠየቀቻቸው፤ አዲስ ሰው ልትፈጥር። ስለ ሌላው ጠረጴዛ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሳቸውም ወረቀቱን ሲያቀብሉ፣ እጃቸው እርጥብ ስለነበር ግማሹን አበላሹት።

ባለሱቋ በመጨረሻ ፕላኑን አስለቅቃ ይዛው ወጣች። ጥጉ ተጨማዷል፤ ይቅርታ ስትላቸው፣ ምነው ሁሉንም በጨማደድሽልኝ ብለው ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ስንጨባበጥ፣ የአሁኑስ ጨዋታ ሰው ይገድላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ወዲያ ወዲህ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቅዳሜ አጎቴን ከገደልክልኝ በጠዋት መጥቼ ምሳም አብሬህ እበላለሁ ብላኛለች፣» አሉኝ። «አማቼም እንግዲህ ኖሯል፤ ይበቃዋል።»