ናይሮቢ ላይ መኪና ለማጠብ ኢንሹራንስ ስገባ

ሰው ሁሉ የስደቱን ታሪክ ሲያወራ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ከነገሌ ቦረና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መንገደኛውም ባለሱቁም እያየኝ። ጎህ ሲቀድ እንነሳለን ያለው የጭነት መኪና ሾፌር ጫቱን ሳይገዛ አልነቃነቅም ብሎ ስድስት ሰዓት አደረገን። የስንብቱ ለቅሶ ማለዳ ስላለቀ፣ ሚስቴ ጫልቱና እኔ የቀረውን ጊዜ እንደ ተጣላ ሰው ዝም ብለን ቆመን አሳለፍነው። በመጨረሻ «ምነው በሄድክና በተገላገልን!» አለችኝና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሌ ላይ መኪና አጣቢ ነበርኩ። የማታውቁኝ እንዳትስቁ። አባቴ ከሰሜን ለሥራ የመጣ ጸሐፊ፣ እናቴ የቦረና ልጅ፤ እኔ ግን ጸሐፊነቱም ከብቱም አልሆነልኝም፣ እጄ የወደደው ብረት ማጽዳት ነው። የሹማምንቱና የነጋዴዎቹ ላንድሮቨር ቀይ አፈር ለብሶ ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነው። ችግሩ ውኃ ነበር። ሴቱ በርሜሉን አሰልፎ ግማሽ ቀን በሚጠብቅበት ከተማ እኔ ጎማ ሳጥብ ያየችኝ አንዲት እናት ቆም ብላ፣ «የልጆቻችን ጉሮሮ ደርቆ አንተ ብረት ታጠጣለህ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርጥብ ጆንያ ማሸት ለመድኩ፤ በሦስት ጣሳ ውኃ አንድ መኪና። መኪናው ሁሉ ድሮም በግራር እሾህ የተቧጨረ ስለሆነ የተናገረኝ የለም። እግሬ ግን አላርፍ አለ። ከሞያሌ ማዶ ባለው አገር ውኃ በቧንቧ ሲፈስ ይውላል የሚል ወሬ ከሰማሁ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ጫልቱን «ስድስት ወር ስጪኝ፤ ቦታ እንደያዝኩ ትመጪያለሽ» አልኳት።

ሜጋ ላይ በብርድ አድረን ሞያሌ ስንደርስ፣ ድንበሩን ገበያተኛው ሁሉ ጨውና ስኳር ተሸክሞ እየተመላለሰበት እኔ ብቻ ደንቡን ላክብር ብዬ ወደ ኬላው ጸሐፊ ገባሁ።

«ለምን ጉዳይ ነው የምትሻገረው?»

«መኪና ለማጠብ።»

«እዚህ አገር መኪና የለም?»

«መኪናስ አለ ጌታዬ። ውኃ ነው የሌለው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ብጽፈው መንግሥትን መውቀስ ነው። ዘመድ የለህም እዚያ?»

«የለኝም።»

«አለህ» አለኝና «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልኝ። የሚገርመው እውነት ሆነለት።

ናይሮቢ እንደ ደረስኩ ከአንድ ግቢ በር ላይ ዱላውን ይዞ የቆመ ዘበኛ በአረማመዴ አውቆኝ በቦረና ሰላምታ «ናጋ?» አለኝ። አባ ጎሎ ይባላሉ፤ የቦረናዋ አሬሮ ሰው ናቸው፣ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ የእናቴን ጎሳ ነገርኳቸው፣ በቃ፣ ክፍላቸው ክፍሌ ሆነ። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ያለ ቅቤ መዋጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወተቱንማ ተዉት! ጭስ ያልነካው፣ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ በወረቀት ሣጥን የሚሸጥ ወተት ነው። ብርዱ ደግሞ የቆላ ሰው አጥንት ፈልጎ የሚገባ ዓይነት ነው፤ ድሮ የቦሬን ደጋ አልፌ ስሄድ እንኳ እንዲህ አላንቀጠቀጠኝም።

አምስት ወር በየመንገዱ ዳር ባልዲ ይዤ ከዞርኩ በኋላ አንድ የነዳጅ ማደያ ጥግ አገኘሁ። ባለማደያው ሚስተር ላልጂ የሚባል ህንዳዊ ነው።

«ኢንሹራንስ አለህ?» አለኝ።

«እጅ አለኝ። ባልዲም አለኝ።»

«እጅህ የሰው መኪና ቢያበላሽስ?»

«እክሳለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «በምንህ?» አለኝ። ጥጉን የሚሰጠኝ ኢንሹራንስ ከገባሁ ብቻ እንደሆነ ቁርጡን ነገረኝ። ያን ጥግ ካጣሁ ጫልቱን የማመጣበት ምክንያት የለኝምና ሄድኩ።

የኢንሹራንሱ ወኪል ካማው የሚባል፣ ከረባቱን እንደ ሕፃን ልጅ የሚንከባከብ ወጣት ነው። ነገሩን በስዋሂሊ ሲያስረዳኝ ገባኝ፤ ይህማ የኛው ቡሳ ጎኖፋ ነው አልኩ። ቦረና ውስጥ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ላም ያዋጣለታል፤ የሰጪው ስም፣ የላሚቱ ቀለም ሳይቀር ይታወቃል። ስለዚህ ጠየቅሁት።

«ከእኔ ጋር የሚያዋጡት እነማን ናቸው?»

«አይታወቁም።»

«እነሱስ እኔን ያውቁኛል?»

«ማንም አያውቅህም።»

«ታዲያ እኔ ሳጠፋ ለምን ያዝኑልኛል?»

«ማንም አያዝንልህም» አለ ካማው፤ «ይከፈልልሃል እንጂ።»

እስኪ ይታያችሁ! ፈረምኩ። እንግሊዝኛውን እንደማላነብ ስላወቀ አንዲቱን አንቀጽ ጣቱን አሳርፎ ነገረኝ። አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ወደ እሱ እመጣለሁ፤ ለባለመኪናው «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ክልክል ነው፤ ካልኩ ውሉ ይፈርሳል።

«ጥፋቱ የኔ ቢሆንም?»

«በተለይ ያንተ ከሆነ» አለኝ።

ሥራው ያዘ። የላልጂ ቧንቧ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ውኃው ዝም ብሎ ሲፈስ፣ አስፋልቱን አቋርጦ ቦይ ሲገባ ሳይ፣ የሰው ንብረት እንደሰረቅሁ ሁሉ ልቤ ይደነግጣል። በየመሀሉ እዘጋዋለሁ። ላልጂ «ምን ሆነሃል? ክፈተው እንጂ!» እያለ ይጮህብኛል። እከፍታለሁ፤ ዞር ሲል እዘጋለሁ። ለጫልቱ ግን በሞያሌ ሾፌሮች እጅ መልእክት ላክሁላት። ቦታ ይዣለሁ፣ ፍየሎቹን ሽጪ፣ ቤቱን ለእህትሽ አስረክቢ አልኳት።

መልእክቱን በላክሁ በሳምንቱ ዋንጂሩ የምትባል የሆስፒታል ነርስ አዲስ ጥቁር መኪናዋን ትታልኝ ወደ ገበያ ሄደች። ከገጠር መመለሷ ነው፤ መኪናው የለበሰው አፈር ቁርጥ የነገሌ አፈር፣ ያው ቅላቱ፣ ያው ልስላሴው። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ቧንቧውን ዘግቶ ጆንያውን አነሳ። በሦስት ጣሳ ውኃ አሸሁት። ሲደርቅ ፀሐይዋ ሞተር መክደኛው ላይ አረፈች፤ ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ ጭረት። አሸዋው ቀለሙን ልጦታል። የእሾህ ጭረት ባለበት አገር የተማርኩት ሙያ ጉድ ሠራኝ። ዋንጂሩ ስትመጣ ደመና ሆኖ ነበር፤ ምንም ሳታይ አመስግናኝ ነድታ ሄደች።

ለአባ ጎሎ ስነግራቸው ያፈሉትን ሻይ አስቀመጡት።

«ቤቷን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ግን አባ ጎሎ፣ ወረቀቱ ከለከለኝ እኮ። መጀመሪያ ለካማው ነው የሚነገረው፤ ለእሷ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት አይቻልም።»

«ጥፋት ደብቅ ይላል ወረቀቱ?»

«ደብቅ አይልም። አትናገር ነው የሚለው።»

«እስቲ ልዩነቱን አስረዳኝ፤ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ማስረዳት አልፈለግሁም፤ ነገሩ አንገቴ ላይ እንደ ቀንበር ተቀምጦ ነበርና። አባ ጎሎ ከሚጠብቁት ግቢ እርጥብ ሣር ነጭተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ በቦረና ጥፋተኛ ይቅርታ ሲጠይቅ በእጁ ይይዘዋል። በማግሥቱ እሑድ ዋንጂሩ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፏ ቆመን ጠበቅናት።

«ሣሩ ለምንድን ነው?» አለች ከመኪናዋ ወርዳ። «እኔ ላም የለኝም።»

አባ ጎሎ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው፣ «ይህ ልጅ በድሎሻል። ያጠፋው እሱ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም። የመጣነው አንቺ ሳታዪው ልንነግርሽ ነው» አሏት። እኔም ጭረቱን በጣቴ አሳየኋትና በራሴ አፍ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ለመኪናው ይሁን ለእኛ አላወቅሁም። አስገብታ ሻይ በወተት አጠጣችን፤ ኢንሹራንስ እንዳለኝም ጠይቃ የካማውን አድራሻ ወሰደች። ስንወጣ ሰማይ የጨበጥኩ መስሎኝ እየበረርኩ ነው የሄድኩት። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ካማው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ደብዳቤ አለ፤ ዋንጂሩ ናት የጻፈችው። ካማው እየተረጎመ አነበበልኝ። እንደዚህ ያለ ሐቀኛ ሰው በዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል፣ እባካችሁ በቶሎ ጉዳዩን ጨርሱለት ትላለች።

«ምስጋና ነው» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«አዎ፣ ምስጋና ነው» አለ ካማው ከረባቱን እያስተካከለ። «ውልህን ያፈረሰውም ይኸው ነው። አስቀድሜ ነግሬህ ነበር።» እሱም ደስ አላለውም፤ ይህን ልመስክርለት። ዋንጂሩ ስትሰማ ጭረቱን ትቼዋለሁ ብላ ላልጂን ለመነችው። ላልጂ ግን ጥያቄው ስለ ጭረት ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው አለ፤ ያለ ኢንሹራንስ ከቅዳሜ በኋላ በጥጉ እንዳላይህ አለኝ። ቅዳሜ ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጫልቱ ከነገሌ ሳትነሳ ልድረስባት ብዬ በሾፌር ቀጠሮ አስይዤ ነገሌ ስልክ ቤት አስጠራኋት። መስመሩ በአዲስ አበባ ዞሮ ሲገባ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ለማላውቃት ሴት በደጃፏ ቆሜ ጥፋቴን የተናገርኩ ሰው፣ ለገዛ ሚስቴ ስሆን ውሸት ቀደመኝ።

«ጥቂት ቆዪ» አልኳት። «መንገዱ ተበላሽቷል አሉ።»

«መንገዱ እኮ ደህና ነው» አለች። «ትናንት ከሞያሌ የመጣ ሰው አነጋግሬያለሁ። ፍየሎቹን ሸጫለሁ፣ ቤቱን አስረክቤያለሁ፣ ሰዉን ሁሉ ተሰናብቼ ጨርሻለሁ።» ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ፣ «ሌላ አገባህ?» አለችኝ። ዝቅ ብታደርገውም ስልክ ቤት ያለው ተረኛ ሁሉ ኦሮምኛ ያውቃል፤ ያ ሁሉ ሰው ከእሷ ጋር መልሴን ሲጠብቅ ታየኝ።

«የለም! የለም ጫልቱ፣ ቦታዬን ነው ያጣሁት፣ አትምጪ...» ስል መስመሩ ተቋረጠ። እስከ የትኛው ቃል እንደሰማችኝ አላውቅም።

አሁን እንደ ድሮዬ ባልዲ ይዤ እዞራለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ሥራ ቢኖርም እተወዋለሁ፤ የሞያሌ መኪኖች የሚያራግፉበት ሜዳ እሄዳለሁ። አቧራ የለበሰ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እንድትመጣም እንዳትመጣም እየለመንኩ።