ሁለት ዓይን ያለው ሐዋርያ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኩልመስክ መጠለያ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርሁ። ስንዴ ይዘው ከመጡት ፈረንጆች አንዱ የካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛቸው ከመጽሐፍ የተለቀመ። የጸሎት መጽሐፍ ጽፈው፣ ሥዕሉንም ራሳቸው ሥለው፣ አዲስ አበባ አሳትመው በጆንያ አስመጡት። ማንበብ ለማይችል ሥዕሉ ይበቃዋል ባይ ነበሩ። ካድሬው ስንዴውን ስላየ መጽሐፉን አላየም። ሰዉም የማን ሃይማኖት ነው ሳይል ተቀበለ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔ የላሊበላ ካህን ልጅ ነኝና በሩቁ አየው ነበር።

ከሙጃ አገር የመጣች አንዲት ሴት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ መጽሐፉን ገልጣ አገኘኋት። ሥዕሉ የጸሎተ ሐሙስ ራት ነው። አንዱን ሰው ትስማለች፣ የልጁን ግንባር ታስነካለች፣ ደግሞ ትስማለች። ጠጋ ብዬ የብር ከረጢት መጨበጡን ሳይ ደነገጥሁ። የምትስመው ጌታውን የሸጠውን ነው።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ቄሱ ግን ጌታንና ሐዋርያቱን እርስ በርስ ሲተያዩ በጎን ሥለው፣ ከሃዲውን ከማዕዱ ፊቱን አዙሮ ወደ እኛ እንዲመለከት አደረጉት።

ነገርኋቸው። ሲገባቸው ገጹን ገለጡ።

«ስንት ሰው ሳመው?»

«ያየው ሁሉ» አልሁ፤ ማለሳለስ አላውቅበትም።

ገጹን እንደገና ሣሉና ለሴትዮዋ ሊቀይሩላት፣ ስሕተቱንም ሊነግሯት ተነሡ። «በውሸት ላይ የቆመ ጸሎት አላስተምርም» አሉኝ። ምናለ ቢተዉአት አልሁ በልቤ። አብሬያቸው ሄድሁ።

ልጁ ትኩሳቱ ለቆት ገንፎ ይበላል። ሴትዮዋ የመጡበትን ስትሰማ መጽሐፉን ጉያዋ ሸጎጠችው።

«አልሰጥም፣ አባ። ልጄን የመለሰልኝ ይኸ ነው። ካገሬ ስገባ በስሙ እዘክራለሁ። ማን እንደሚባል ይንገሩኝ እስቲ።»

ቄሱ ልጁን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ከልቤ አዘንሁላቸው።

«ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው» አሏት በመጨረሻ።

«እሱስ ፊቱ ይናገራል» አለችና ሥዕሉን አውጥታ ልጁን አሳለመችው። ቄሱ አልከለከሏትም።