ሰው የለመዱ ዓሣዎች

የጎፋው መስታወት ቆራጭ አምሐ ቁጥብ ሰው ነው። መስኮት ሊያስገጥም የመጣ ደንበኛ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቀው ለአንዱ መልስ ይሰጣል፣ ለሁለቱ ራሱን ይነቀንቃል። በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ግን ይህ ዝምተኛ ሰው ሰፈሩን ሁሉ የሚያስወራ ነገር አደረገ። ከለቡ ማዶ ካለ ወንዝ፣ ጣት የሚያክሉ አሥራ አንድ ዓሣዎች በባልዲ ይዞ መጣና ከትርፍራፊ መስታወት በሠራው ገንዳ ውስጥ ከተታቸው። ገንዳውን ሳሎን አስቀመጠው።

«ለገና ጾም ሊጠብሳቸው ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉት ወገን ሆኗል» ብለው ጎረቤቶቹ ቀለዱበት። ሚስቱ ትሩፋትም ብትሆን፣ «ማስቀመጥህ ካልቀረ ምነው ቀዮቹን ብታመጣ፤ እነዚህ እኮ አፈር ነው የሚመስሉት» አለችው።

ዓሣዎቹ ወንዝ ያሳደጋቸው ናቸው። ሰው ባለፈ ቁጥር ከመስታወቱ ጋር ይላጋሉ፤ ሲደክማቸው ጥግ ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ወደ ወንዛቸው ይመልሳቸዋል ወይ ይደፋቸዋል። አምሐ ግን ልጅ ሆኖ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባ የነበረ ሰው ስለሆነ ገባው። «መታየቱ ነው ያስጨነቃቸው» አለ። በሦስቱ ወገን የሲሚንቶ ወረቀት ለጠፈ። አምፖሉን ነቀለ። ከዚያው ወንዝ ድንጋይ አምጥቶ መደበቂያ ሠራላቸው። ደረቅ የሾላ ቅጠል ዘፍዝፎ ውኃውን ቀጭን ሻይ አስመሰለው። ከዚያ በየማለዳው ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ውኃ ውስጥ ከቶ፣ ቁራጭ ትል በጣቱ ይዞ ይጠብቅ ጀመር። እጁ ይደነዝዛል እንጂ የሚመጣ የለም። በአምስተኛው ወር ትልቁ ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ትሉን ከጣቱ ላይ ነጠቀ። አምሐ ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

ይህን ሁሉ ያወቀ አንድ ሰው ነበር፤ መዝገቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚካኤልን ጽዋ አብረው የጠጡ ማኅበርተኛው ነው። አምሐ ሚስቱን እንኳ ያላስነካውን ውኃ ለመዝገቡ ፈቀደለት። «እጅህን ቀስ ብለህ አስገባ። አትፈልጋቸው፣ እነሱ ይፈልጉህ» እያለ እሑድ እሑድ አስተማረው። ዓሣዎቹም ሁለተኛ ሰው ለመዱ።

መዝገቡ መካኒሳ አዲስ በተከፈተ ሆቴል የአስተናጋጆች አለቃ ነው። የሆቴሉ ባለቤት እንግዳ መቀበያው ላይ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አሠርተው የሚያስገቡበት ዓሣ አጥተዋል። አንድ እሑድ መዝገቡ፣ «ስጠኝና ሰው ይያቸው፤ እኔንም አለቆቼ ዘንድ ከፍ ያደርገኛል» አለው።

«በዚያ መብራት ሥር ሳምንት አይቆዩም» አለ አምሐ። መዝገቡ ሳቅ ብሎ ወሬ ቀየረ።

ሚያዝያ ላይ የትሩፋት እናት ዐርፈው ባልና ሚስቱ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄዱ። የቤቱን ቁልፍ የተቀበለው መዝገቡ ነው። ጽዋ ካጣጣው ሰው ሌላ ለማን ይሰጣል? በስምንተኛው ቀን ሲመለሱ ገንዳው ውስጥ ውኃና ድንጋይ ብቻ ነበር።

አምሐ የለቅሶ ልብሱን ሳይቀይር መካኒሳ ደረሰ። ዓሣዎቹ በነጭ ጠጠር ላይ፣ ቦግ ባለ መብራት ሥር፣ አንድ ጥግ ተፋፍገዋል። ቢቆጥራቸው አራት ናቸው። ሁለት ሕፃናት መስታወቱን በማንኪያ ይመታሉ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ይሰማ ነበር፤ መጣሉ እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቀ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሂርጳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። አንደኛው ጉዳዩን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። በግ ወይም ላም ቢሆን ኖሮ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ ለዓሣ ግን ድንጋይ ተሸከም ያለው የለም።

«እስቲ የምትለው ካለህ» አሉት አቶ ሂርጳ መዝገቡን።

«ጋሽ ሂርጳ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? መረብ አልጣልኩባቸው፣ አላሳደድኳቸው። እጄን ባስገባ እነሱ ራሳቸው መጡ። አንድ ባንድ እያፈስኩ ባልዲ ውስጥ ጨመርኳቸው። ለዚህ ወንድሜ ይከፋዋል ብዬ አላሰብኩም።»

መዝገቡ አልዋሸም። ዓሣዎቹን ያስያዛቸው፣ አምሐ አምስት ወር እጁ እስኪደነዝዝ ያስለመዳቸው እምነት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አምሐ መዝገቡን ጠላው፤ ራሱንም ጠላ።

«የተረፉትን ይመልስ። አንተም ይቅር በል፤ ማኅበር በዓሣ አይፈርስም» ብለው ሽማግሌዎቹ ጨረሱ። መዝገቡ ተነሥቶ ጉልበቱን ሳመው። አምሐም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ በሽማግሌ ፊት ሌላ ነገር አይባልም። በሆዱ ግን አላለም።

አራቱ ዓሣዎች በማግስቱ መጡ፤ ዘጠኝ ቀን ከድንጋይ ሥር አልወጡም። አምሐም ትሉን ከላይ እየጣለላቸው ይሄዳል እንጂ አጠገባቸው አልተቀመጠም። በዐሥረኛው ቀን ቆሻሻ ሊያወጣ እጁን ሲከት፣ ያ ባለ መስመሩ ዓሣ ወጣ። አምሐ ትል አልያዘም። ዓሣው ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ መዳፉ ውስጥ ገባ።

ትሩፋት በሩ ላይ ሆና አየችና ደስ አላት። «ይኸው፣ ረስተውታል» አለችው።

አምሐ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ከዚያ መስታወቱን በጣቱ አንጓ መታው፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ አጥብቆ። ዓሣው ተወርውሮ ድንጋዩ ሥር ገባ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለች ትሩፋት።

«ይፍራ» አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በማግስቱም ትሉን ከመጣሉ በፊት መስታወቱን መታው።