የአባቴ መሐላና የአጎቴ ተዝካር

አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ከሞጣ ገዝቶ ቢቸና፣ ከቢቸና ገዝቶ ሞጣ ሲሸጥ አረጀ። ለእኔ ለሴት ልጁ ያወረሰኝ ግን ንግዱን ሳይሆን ግትርነቱን ነው።

በአብዮቱ ጊዜ ታናሽ ወንድሙን ከቤቱ ወሰዱት፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። አባቴም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ማለ። «ይህን ያዘዘው ሰው ተይዞ በዓይኔ ሳላይ የወንድሜን ተዝካር አላወጣም» አለ። ያዘዘው ሰው ግን ከሥልጣን ሲወርድ ሰው አገር ገባና በሰላም ተቀመጠ። መሐላው የከበደው በአጎቴ ሚስት ላይ ነው። ካህናቱን መጥራትና ነዳያኑን ማብላት የወንድም ድርሻ ስለሆነ፣ ብቻዋን ብታወጣው አባቴን መድፈር ይሆንባታል። በየዓመቱ ለጠላው ጌሾ ታደርቃለች፤ በየዓመቱ ለጎረቤት ድግስ ትሰጠዋለች። እሷም እያረጀች ነበር፤ ተዝካሩን ሳላይ እንዳልሞት ትል ነበር። ይህ ነገር በጣም ያናድደኝ ነበር። ሟች በነዋሪ ንዴት ምን አገባው?

ሞጣ አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ምሳ በምበላበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ዜና መጣ። በጦርነት ከሥልጣን የተባረረ የሩቅ አገር አምባገነን ከተደበቀበት ጉድጓድ ተይዟል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ወዲያው አባቴ ትዝ አለኝ። የእኛው ባይሆንም ቢጤው ነው፤ ምናልባት ይበቃው ይሆናል አልሁ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቢቸና ገባሁ።

አባቴንና የአጎቴን ሚስት ዲሽ ያለው ሆቴል ወስጄ ለስላሳ አዘዝሁላቸው። የቀኑ ዜና ሲጀምር «አባባ፣ ይኸውና! ቢጤው ተያዘ» አልሁ፣ በቅሎ እንደሸጠ ሰው ደረቴን ነፍቼ።

ሰውየው ፀጉሩና ጢሙ ተንጨባርሮ ታየ። ጓንት ያጠለቀ ሐኪም አገጩን ይዞ አፉን አስከፈተውና በባትሪ አብርቶ አየው። አጠገባችን የተቀመጡት ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ ገበያ መሐል የበቅሎ አፍ እየከፈተ ጥርስ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አገጭ ሄደ።

«ስጠብቅ የኖርሁት ይህን ነው?» አለ።

«ስንቱን ያስፈጀ ግፈኛ እኮ ነው! ይታዘንለታል እንዴ?» አልሁ ተናድጄ።

«አላዘንሁለትም። ግና የኛውም እንዲህ አፉን ቢከፍት፣ ወንድሜ ከዚያ ውስጥ አይወጣም።»

 ለስላሳውን ጨረሰ። ከዚያ ወደ አጎቴ ሚስት ዞረ።

«ጌሾው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ ጥመቂው። ካህናቱን እኔ እነግራለሁ። ከመሐላዬም የነፍስ አባቴ ይፍቱኝ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ሐሳቡ የእኔ ስለነበር ትንሽም ኮርቻለሁ። አባቴ ሒሳብ ሊከፍል ሲነሣ ወደ አጎቴ ሚስት ጠጋ ብዬ፣ «አዩ፣ የእኛው እስኪያዝ ቢጠብቁ ኖሮ ስንት ዓመት በቀረዎት ነበር!» አልኋት።

ዓይኗን ከአባቴ ጀርባ ላይ አልነቀለችም።

«እኔ ማንም እስኪያዝ አልጠበቅሁም፣ ልጄ» አለችኝ። «አባትሽን ነው የጠበቅሁት።»