የምክር ቤቱ አዲስ አባል

ሴትዮዋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚመጡት የከሰዓት ፈረቃቸው ሳይጀምር ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ሰማያዊ ጋዋናቸው በረኪና በረኪና ይሸታል። የኮምፒውተር ክፍሉን የምትጠብቀው ልጅ ስማቸውን አታውቅም። የምታውቀው መስኮቱ ሥር ያለውን ኮምፒውተር እንደሚወዱና በአንድ ጣት እየጻፉ አገር እንደሚያስተዳድሩ ነው። የኢንተርኔት ጨዋታ ነው፤ ከየትም ዓለም ያለ ተጫዋች የየራሱን አገር ይመራበታል። የሳቸው አገር እስር ቤት የላትም፤ ሕክምናም በነጻ ነው።

ዛሬ ግን እጃቸው አላርፍ አለ። አገራቸው ወደ ጨዋታው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ትግባ አትግባ፣ አባላቱ ድምፅ እየሰጡ ነበር። ባለፈው ወር «ጦር የሌላት አገር ምን ትሠራልናለች?» ብለው መልሰዋቸዋል። ድንገት መልእክት መጣላቸውና ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ነይማ አንብቢልኝ። መነጽሬን ረሳሁት።»

መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። ልጅቷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ወደ ምክር ቤታችን እንኳን ደህና መጡ» ብላ አነበበች።

«ጮክ በይ እንጂ! ምነው፣ ቁርስ አልበላሽም?»

ጮክ ብላ ደገመችው። ለፈተና የሚያጠኑት ሁሉ ቀና አሉ፤ አንዱ አጨበጨበ። ሴትዮዋ በጋዋናቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ተመልሰው ተቀመጡ፤ ረጅም ነገር ጻፉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ደነገጡ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለቻቸው ልጅቷ።

«ፈረቃዬ ደረሰ። ሁለት አገሮች ደግሞ በወንዝ ሊዋጉ ነው» አሉ ቦርሳቸውን እያነሱ። «ግድ የለም፤ ነገ እስክመለስ ድረስ እንዳትነካኩ ብያቸዋለሁ።»