አማቴ፣ አርጃኖው እና እኔ ማንጎ ዛፍ ላይ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና ሚያዝያ ላይ፣ የጋምቤላ ሙቀት አናት በሚበሳበት ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ልርሳው ብልም ጎረቤቶቼ አያስረሱኝም።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ሰሚራ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ እናቷ እማማ ዘይነባ ሊያርሷት ከኮምቦልቻ መጡ።

ሲመጡ ግን የቆረጡት ነገር ነበር። «አርባዋ ሲያልፍ እናትና ልጅን ይዤ እሄዳለሁ። ጨቅላ አውሬ መሃል አያድግም» አሉ። እኔ ደግሞ ሰሚራ አንዴ ኮምቦልቻ ከገባች ወደዚህ ሙቀት በቀላሉ እንደማትመለስ አውቃለሁ። ልጄንም በስልክ ብቻ ሳየው ታየኝ። ስለዚህ «አብሽሩ እማማ፣ ከተማው ውስጥ አውሬ የሚባል የለም» አልኳቸው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔማ ሳያድር ቀለለ። የዚያኑ ዕለት ጦጣ በመስኮት ገብታ ከሰሚራ ራስጌ ሙዝ ይዛ ወጣች። «የጎረቤት ናት፣ ለማዳ ናት» አልኩ። አመሻሽ ላይ ከባሮ ወንዝ በኩል ጉማሬ ሲያጉረመርም ደግሞ «ጄኔሬተር ነው» አልኩ። እማማ ዘይነባ ጆሯቸውን አቅንተው አዳመጡና፣ «ጄኔሬተሩ ያስነጥሰዋል እንዴ?» አሉኝ።

ጎረቤታችን አሪየት፣ የአኙዋ ሴት ናት፣ ከባሮ የወጣ ዓሣ ይዛ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ብጠቅሳት ብጠቅሳት አላየችኝም። እማማ ዘይነባ «ልጄ፣ እዚህ አገር አዞ አለ?» ሲሏት ደስ ብሏት መለሰች።

«አለ እማማ! ባሮ ውስጥ ብዙ አለ። ግን እዚህ አይመጣም። እሱ የራሱ ቤት አለው።»

እማማ ዘይነባ በዚያው ቀን ሻንጣቸውን ማዘገጃጀት ጀመሩ።

የመሄጃቸው ዋዜማ ደረሰ። ሰሚራ ውስጥ ተኝታለች። ልጁን ጓሮ ማንጎው ጥላ ሥር፣ አጎበር በተዘረጋበት አልጋ ላይ አስተኝተውታል። እማማ ዘይነባ ከኮምቦልቻ ባመጡት ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለውታል። «ብርድ እንዳይመታው» ይላሉ፤ ጋምቤላ፣ ያውም በሚያዝያ! ተከራክሬ አልቻልኳቸውም።

ከሱቅ ወደ ጓሮ ብቅ ስል፣ ለአራሷ በተገዙት ዶሮዎች ቤት አጠገብ ከኔ ክንድ የሚረዝም ጅራት አየሁ። ባለጅራቱ አውሬ ምላሱን እያወጣ ይጎተታል። ጋምቤላ ስኖር ዓመታት ያለፉኝ ሰው መሆኔ ጠፋኝ። «አዞ! አዞ!» ብዬ ጮኽኩ። አውሬ የለም ብዬ ስሟገት የከረምኩት እኔው ነኝ። አጎበሩን ገልብጬ ጥቅሉን አቀፍኩና ማንጎው ላይ ወጣሁ። በልጅነቴ እንኳ ዛፍ ወጥቼ አላውቅም። እንዴት እንደወጣሁ አላህ ያውቃል።

«እማማ፣ አይዞዎት! ልጁን አድኜዋለሁ!» እያልኩ ከላይ እጮሃለሁ። ደረቴ ላይ ጥብቅ ሳደርገው ግን ቀለለኝ። ገለጥ አድርጌ አየሁ። ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

ክው አልኩ። ወደ ታች ሳይ እማማ ዘይነባ ልጁን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ዘነዘና ይዘው ወደ አውሬው እየሄዱ ነው። ለካስ ልጁ ሲነቃባቸው አዝለውት፣ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ትተውት ኖሯል። ዘነዘናውን አንዴ መሬት ላይ ሲያሳርፉት አውሬው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ጠፋ።

አሪየት ጩኸቱን ሰምታ ስትመጣ ከአጥሩ ውጭ ሲሮጥ አይታው ነበር። «አዞ አይደለም፣ አርጃኖ ነው። እንቁላል ይሰርቃል፣ ሰው አይበላም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? ማንጎ ከፈለግህ ታች ብዙ አለ።»

ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯታል።

መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። መሰላል ከጎረቤት ተፈልጎ መጣልኝ። እማማ ዘይነባ ከሥር ቆመው ይጠብቁኛል። ሻንጣቸው በር ላይ ነው። ከእንግዲህ ቆዩ ብዬ ለመለመን ምን አፍ አለኝ? አንገቴን ደፍቼ ፊታቸው ቆምኩ። ከሠርጋችን ጀምሮ «አንቱ» እያሉ ያከበሩኝ አማቴ የዚያን ቀን አንቱታውን ረሱት።

«አውሬውስ በዘነዘና ይመለሳል» አሉ። «አንተን ምን ላድርግህ? እነሱን ብወስዳቸው ብርድ ልብስ አቅፈህ ዛፍ ላይ ልትቀር ነው። በል፣ እኔው እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ሻንጣውን ራሳቸው አንስተው መልሰው አስገቡት።

ይኸው እስከ ዛሬ አብረውን ናቸው። የሰፈሩ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ «ልጁ ደህና ነው? ገልጠህ አይተኸዋል?» እያለ ይስቅብኛል። አላፍርም ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው፤ በጣም አፍራለሁ። ግን ልጄ ሱቁ ውስጥ በጆንያዎቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ሲል ሳየው ደስታዬ ሐፍረቴን ያስረሳኛል። ያን ቀን ጀግና ሆኜ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?