ሙቀት የማልችለው ሰውዬ ሙቅ ዮጋ ቤት

ጂንካ ውስጥ በአንድ የዞን መምሪያ የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ቢሮው በሙሉ የሚያውቀው አንድ በሽታ ነበረኝ፤ ሙቀት አልችልም። በሽታው እውነት የነበረው ግን ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ቁርስ ሳልበላ ለመስክ ሥራ ቆላ፣ ዲመካ ወርጄ፣ ገበያው መሃል ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። አንዲት ሴት ውሃ ፊቴ ላይ ቸለሰችብኝ፤ ነቃሁ። ሁለት ዳቦ በሻይ ከበላሁ በኋላ ምንም አልነበረብኝም። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ጂንካ ገብቶ ጠበቀኝ። ሰው ሁሉ «ሙቀት ሊገድለው ለጥቂት ተረፈ» ይላል፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ያችን አንዲት መውደቅ ስድስት ዓመት ሙሉ በላኋት። የቆላ መስክ በመጣ ቁጥር እጄን ደረቴ ላይ አደርግና «ሐኪሙ ከሙቀት ራቅ ብሎኛል» እላለሁ። ሌላ ሰው ይሄዳል። እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም።

ወንበሩም ዋጋዬን ሰጠኝ፤ ወገቤን ያዘኝ። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል እንደ አሮጌ በር መንቋቋት ጀመርኩ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ እግሯን ከራሷ በላይ ስታነሣ፣ ባለቤቴ በመስኮት እያየች «የሰው ልጅ ምን ጎደለበት!» ትል ነበር። ይህች ልጅ አንድ ቀን ጎብጬ ስወጣ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ወገብዎን ነው? ዮጋ ይሞክሩ እንጂ። ዓርብ ከሰዓት ሙቅ ዮጋ ጀምረናል።»

«ሙቅ ማለት?»

«ክፍሉን አሙቀን ነው የምንሠራው። ጅማት ቶሎ ይፍታታል።»

«ለሙቀቱማ ለምን ትደክማላችሁ፤ ዲመካ በነፃ ሞልቶ!» አልኳት። ሳቀች። ነገሩ ግን በልቤ ገባ፤ ጫማ ማሰር ናፍቆኛል።

ችግሩ ዓርብ ከሰዓት የቢሮ ስብሰባ አለን። ኃላፊያችን ስትስቅ ታይታ የማታውቅ፣ ያረፈደን ሰው ከበር እስከ ወንበሩ በዓይኗ እየሸኘች የምትቀጣ ሴት ነች። ያን ዓርብ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አለችና «ለአስቸኳይ ጉዳይ ከበላይ አካል ተጠርቻለሁ። ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፏል» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እኔም ለጓደኞቼ «ወገቤን ላሳርፍ» ብዬ ተሰናበትኩ፤ ውሸት አልነበረም። ቤት ደርሼ የልጄን የእግር ኳስ ቁምጣ በፌስታል ደብቄ ወጣሁ።

ቦታው ድሮ የበቆሎ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮውን ስታጋግለው ውላለች። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል የገባባቸው ሁለት ትልልቅ ድስቶች በኤሌክትሪክ ምድጃ ይንተከተካሉ። በልጅነቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ተሸፍኜ የታጠንኩት ትዝ አለኝ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ወጣቶች፣ አብዛኞቹ መምህራንና ነርሶች ናቸው።

«በአፍንጫ ሳቡ… በአፍ ልቀቁ» ትላለች መምህርቷ። እስትንፋስ እንኳ ለካ በትእዛዝ ሲሆን ይከብዳል። ቀጥሎ የዛፍ አቋም መጣ፤ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ጭን ላይ መለጠፍ። እኔ የለጠፍኩት እግር ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አላለፈም፤ ወዲያው አጠገቤ ያለ የሒሳብ መምህር ላይ ተደገፍኩ።

«ዛፉ ተገነደሰ» አለ ቀስ ብሎ።

ላብ ከማላውቀው ቦታ ሁሉ ፈለቀ፤ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከጉልበቴ እጥፋት። ቁምጣው ተጣበቀብኝ። አሁን እወድቃለሁ፣ አሁን እወድቃለሁ ስል የሚገርመው ነገር አልወደቅሁም። ጭራሽ ደስ አለኝ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለና ተለቀቀ።

«አሁን የውሻ አቋም! እጅና እግራችሁን መሬት ትከሉ፣ መቀመጫችሁን ወደ ላይ። አንገታችሁን ልቀቁና በእግሮቻችሁ መሃል ወደ ኋላ እዩ።»

የታዘዝኩትን አደረግሁ። ወደ ኋላ ሳይ፣ ዘግይታ የገባች ሴት ከኋላዬ ምንጣፏ ላይ ስትንበረከክ አየሁ። ተዘቅዝቄ ስለነበር ማንነቷ ቶሎ አልመጣልኝም። መጀመሪያ መነጽሯን ለየሁ፤ ከዚያ ዓይኖቿን። ኃላፊያችን ናት። እሷም ከመቀመጫዬ በታች ፊቴን አየች።

«አንተ!»

«እንደምን ዋሉ» አልኩ፣ እንደተዘቀዘቅሁ። ሌላ ምን ይባላል?

«ሙቀት አትችልም አልነበር እንዴ?»

«እርስዎስ… ከበላይ አካል…»

«ከኋላ ወሬ ይቁም! ትንፋሽ ብቻ!» አለች መምህርቷ። ስብሰባ ላይ አፋችንን የምታዘጋን ሴት እሺ ብላ ዝም አለች።

ቀሪውን ጊዜ ላቤ ከሙቀቱ ይሁን ከፍርሃቱ መለየት አቃተኝ። በጨረፍታ ሳያት ግን ኃላፊያችን እንደ ዋርካ በአንድ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች። ይህ የመጀመሪያ ቀኗ እንዳልሆነ ገባኝ።

ስናበቃ ደጅ ያለው ማንጎ ጥላ ሥር ፎጣችንን ይዘን ተፋጠጥን። እኔ ይቅርታዬን ስጀምር እሷ ሳቋን ለቀቀችው። እስኪያስላት ሳቀች።

«ሁለት ወር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለችኝ ስትረጋጋ። «ማታ ማታ ለተራው ዮጋ እዚህ መምጣት ከጀመርኩ ወዲህ ነው የተኛሁት፤ ሙቁን ዛሬ መሞከሬ ነው። ለማንም አትናገርም።»

«በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ!»

«እኔም የአንተን አልናገርም።» ፎጣዋን አጠፈች። «ሰኞ ግን ዲመካ ትሄዳለህ። ለሁለት ሳምንት።»

«ሐኪሙ እኮ…»

«ላብህን አይቼዋለሁ።»

ሰኞ በሚኒባስ፣ በአልዱባ አድርጌ ዲመካ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ባደርኩበት ሆቴል ግቢ ወገቤን ላፍታታ ብዬ ያንኑ የውሻ አቋም ስሠራ፣ በመስኩ አብሮኝ እንዲሠራ የተመደበው የወረዳው ባለሙያ፣ የሐመር ተወላጅ የሆነ ረጅም ሰው፣ ሊወስደኝ መጣ። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በእጁ መዳሰስ ጀመረ።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ በመጨረሻ።

ስለ ዮጋው ነገርኩት። ስለ ቆርቆሮው ቤት፣ ስለ ብርድ ልብሱና ስለሚፈላው ድስት ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሳቁ ተደፋፍሬ የስድስት ዓመቱን በሽታዬንም ተናዘዝኩለት። ያኔ ሳቁን አቆመ።

«የዚህን ወረዳ ዕቅድ የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ና» አለኝ።

የዕቅድ ሰነዴ ላይ ሳላየው «ከመንገድ አጠገብ» ብዬ ወደጻፍኩት የውሃ ጉድጓድ ወሰደኝ። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። ከፊት ከፊቴ ይሄዳል፣ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የባሰው። በመንገዳችን ላይ ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች እያለፉን ሄዱ፤ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ነው።

ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና «ከመንገድ አጠገብ» የሚለውን ሰረዝኩት። እሱ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ ጣቱን ሁለት መስመር ዝቅ አደረገ።

«እዚህም ጋ» አለኝ፣ «የፍየሎቹ ቁጥር ልክ አይደለም።»